ዳዮዱ የመልስ ቁልፍ አያነብም
(በደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መምህር የጡረታ ሽኝት ላይ የተሰማ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጠራሁት ምስጋና እንዳቀርብ ነው። አመሰግናለሁ። ጋቢውንም አይቼዋለሁ፤ የማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ሰው ነው የመረጠው። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ ገጠር ነው ያደጋችሁት፤ የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አይታችኋል። አባቴ ድንጋዮቹን ከበርበሬው ጎን ይደረድርና ዶሮ እንዳይበትናቸው እኔን ያስጠብቀኝ ነበር። ማታ ሬዲዮው ዜናውን ይጀምራል፤ ድምፁ እየሰለለ ይሄድና ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ ጭጭ! ኤሌክትሮኒክስን የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ዶሮ እያባረርኩ።

ያንን የደከመ ድንጋይ አንድ ዓመት ፈተና ላይ አመጣሁት። 0.9 ቮልት ምንጭ፣ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ተራ የሲሊከን ዳዮድ፤ በተከታታይ። የድንጋዩን የውስጥ ሬዚስታንስ ተዉት አልኩ። ከረንቱ ስንት ነው?

ክፍሉ በሙሉ ከ0.9 ላይ ለሲሊከን ዳዮድ በልማድ የሚያዘውን 0.7 ቮልት ቀነሰ፣ ለ100 አካፈለ፣ 2 ሚሊአምፔር ብሎ ወጣ። አንዲት ልጅ ብቻ ግራፍ ወረቀት ጠየቀች። ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ አንገቷን ስትደፋ ታውቋታላችሁ። ከጥያቄው ጋር የተሰጠውን፣ በየቮልቴጁ ስንት ከረንት እንደሚያልፍ የሚያሳየውን የዳዮዱን ኩርባ ወረቀቱ ላይ ገለበጠች። ቀጥላ ሁለት ነጥብ አኖረች። ዳዮዱ ጨርሶ ባያሳልፍ 0.9 ቮልቱ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል፣ ከረንቱ ዜሮ ነው። ዳዮዱ እንደ ሽቦ ቢሆን ደግሞ 0.9 ለ100፣ 9 ሚሊአምፔር። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኘች። ሎድ ላይን ማለት ይኸው ነው። ምንጩና ሬዚስተሩ የሚፈቅዱት ሁሉ መስመሩ ላይ፣ ዳዮዱ የሚፈቅደው ኩርባው ላይ፤ የሚስማሙት የሚቋረጡበት ቦታ ብቻ ነው። 0.6 ቮልት ገደማ፣ 3 ሚሊአምፔር። በኋላ ሠርቼ ለካሁት፤ ሜትሩም 3 አካባቢ አለ።

እርማት ላይ ኤክስ ተሰጣት! ለምን? የመልስ ቁልፉ 2 ይላላ! ብከራከር «ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው» ተባልኩ። ኧረ ጎበዝ! ዳዮዱ የመልስ ቁልፍ አያነብም! 3ን 2 ያለ ሰው ሲሶውን ጥሏል። ባለ ወፍጮ ከሦስት ቁና እህል አንዱን ቢያጎድል እዚህ ጎጃም ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ እኛ ግን ያጎደለውን ሁሉ አሳልፈን፣ የሞላችውን ጣልናት!

0.7ን አልጠላም። ከረንቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ የዳዮዱ ቮልቴጅ በ0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ 12 ቮልት ላይ ያቺ ስህተት ማንንም አታስርብም። 0.9 ላይ ግን ታስርባለች።

ትራንዚስተር ላይም ይኸው መስመር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ታስታውሱኛላችሁ። ስለ ላብራቶሪው ጣሪያና ስለሚጠፋው መብራትም ጽፌ ነበር፤ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ይለፈኝ።

በሩ አጠገብ አንድ ጥቅል ግራፍ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ። ማስመሪያውን ከየቤታችሁ።