ከፀሐይ ውሃ ማጣሪያ ብዙ ውሃ ለማግኘት ሙቀቱን መከተል

(ምስል፦ ውስጡ በጠብታ የተሸፈነ ዘንበል ያለ መስታወት)

እስቲ ይህችን ጠብታ ተመልከቷት። ከሥሯ ባለው ጥቁር ትሪ ጨዋማ ውሃ አለ። ፀሐይ ስታሞቀው ይተናል፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለውን መስታወት ሲነካ መልሶ ውሃ ይሆንና ተንሸራቶ ወደ ቦዩ ይገባል።

ችግሩ መጠኑ ነው። ቀላሉ ማጣሪያ ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ2 እስከ 5 ሊትር ነው የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1872 ቺሊ ውስጥ ላስ ሳሊናስ ላይ የተሠራው ማጣሪያ በቀን ከ20,000 ሊትር በላይ ያወጣ ነበር። ግን ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ፈልጓል።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ሊትር ለማትነን 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያርፋል። ምንም ባይባክን ከ8 እስከ 9 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ታዲያ ሌላው የት ገባ?

(ምስል፦ ትሪው ውስጥ የቆመ ማስመሪያ)

መጀመሪያ ጥልቀቱን ለኩ። ብዙ ሰው ትሪውን ይሞላዋል፤ ብዙ ውሃ ብዙ ምርት ይመስላላ! ግን 10 ሴንቲሜትር ውሃ እስኪሞቅ ረፋዱ ያልፋል። ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይበቃል። እንዳይደርቅ ግን ቶሎ ቶሎ ጨምሩበት፤ ከደረቀ ጨው ይጋገርበታል። ጥቁር ጨርቅ ብትዘረጉበት ደግሞ ውሃው በስሱ ተሰራጭቶ ቶሎ ይተናል።

ሙቀቱ እንዳያመልጥ ከታችና ከጎን በፎም ወይም በሰጋቱራ ሸፍኑት። መስታወቱ ላብ በላብ ሆኖ ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ጠርዙን ፈትሹ፤ እንፋሎት በጠባብ ስንጥቅም ይወጣል።

እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ ያን ሁሉ ሙቀት ይለቀዋል። መስታወቱም ይቀበልና ለአየር ይሰጠዋል። በቃ፣ ባከነ! ያ ሙቀት እኮ ሌላ ውሃ ማትነን ይችላል።

ባለብዙ ደረጃ ማጣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአንዱ ደረጃ እንፋሎት ሲቀዘቅዝ የለቀቀው ሙቀት ከጀርባው ያለውን እርጥብ ጨርቅ ያሞቃል፤ ያም ለቀጣዩ ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና የቻይናው ሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ደረጃ ባለው መሣሪያ ከአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት 5.78 ሊትር አግኝተዋል። በሰዓት! ቀን ጨርቁ ላይ የሚጠራቀመው ጨውም ሌሊት በራሱ ወደ ባሕሩ ውሃ ይመለሳል።