ያላለቀ ስፌት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ደሴ ዛሬ ጉም ነው፣ ጦሳ ጭራሽ አይታይም፤ እኔም ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ ነው የምቀዳው። ስፌታቸውን ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም የምሸጥላቸው እቴቴ የተናገሩት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ጠዋት ነው፤ ፎቶ የማነሳበትን ሰዓት ታውቃላችሁ፣ በሩ ላይ ብርሃኑ ለስለስ ሲል። እቴቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው መሶብ ጀምረዋል። ገና መነሻው ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥም። አክርማው፣ ማለት ስፌቱ የሚጠቀለልበት ሳር፣ ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ተነክሯል። ስንደዶው፣ ውስጥ የሚገባው ሳር፣ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጣቶቻቸው በቀለሙ ሐምራዊ ሆነዋል፤ ወስፌውን በከንፈራቸው ይዘው አክርማውን ሳብ አድርገው ያጠብቃሉ። ስልኬን አወጣሁ። እቴቴ ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ስፌቱ ላይ ጣል አደረጉበት።

«ምነው እቴቴ?» አልኳቸው።

«ያላለቀ ነገር ለሰው ዓይን ይሰጣል እንዴ ልጄ? እንግዳ ሲመጣብሽ ቤት ሳትጠርጊ ታስገቢያለሽ?»

በቁጣ አይደለም የተናገሩት። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ቆይ ቀሚሴን ልለውጥ» ብለው ገቡ፤ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ነጠላ ለብሰው፣ ያለቀውን ሙዳይ ይዘው ወጡ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አነሳኋቸው። እኮ ደስ አላቸው! ፎቶውን ደጋግመው አዩት።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ሙዳዩን ነጭ አንሶላ ላይ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው የሚመጣው «ስንት ነው? መጨረሻው ስንት?» ብቻ ነው። ሳፋውን፣ የሚፈላውን ቀለም፣ የተጀመረውን ዙር ስለጥፍ ግን ሰው ይጠይቃል። ይህ ሳር ከየት ይመጣል? እጅ አይቆርጥም? እኔም ስንደዶው በመስከረም ሜዳ ላይ እንደሚለቀም፣ አክርማው ካልራሰ እንደሚሰበር፣ ትልቅ መሶብ ወራት እንደሚፈጅ እነግራቸዋለሁ። ይህን ያየ ሰው ከፕላስቲኩ ሰፌድ ጋር ዋጋ አያወዳድርም። በቴሌብር ይልካል፣ ምርቃት ጨምሮ።

እና ደግሞ ባቲ አለ። እቴቴ በወጣትነታቸው ስፌት ባቲ እየወሰዱ ይሸጡ ነበር። ሰኞ ገበያ ነው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት። የአፋር ሴቶች ራሳቸው ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ሥራ ያውቃሉ። አንዷ መጥታ ሰፌዱን ትገለብጠዋለች፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች፣ ዙሩ መጥበቁን፣ የአክርማው ጫፍ የት እንደተሸሸገ ታያለች። እቴቴ ይህን ሲያወሩ እኮ ይኮራሉ። አየህ... አያችሁ፣ እዚያ ገዢዋ አሠራሩን ካለቀው ዕቃ ላይ ታነበዋለች። ሳፋ ማየት አያስፈልጋትም። የእኔዋ ደንበኛ አዲስ አበባ ሆና በምን ትገልብጠው? ፎቶዬ ለእሷ ያ አውራ ጣት ነው።

ይህን ለእቴቴ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። «እሱስ ልክ ነሽ» አሉኝ። ነጠላውን ግን ከስፌቱ ላይ አላነሱትም።

ስለ ዓይን የሚሉትን ተዉት፤ አምናችሁም አላምናችሁ፣ የእኔ ነገር እሱ ላይ አይደለም። እኔን የያዘኝ የእንግዳው ነው። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ሳይጠረግ፣ ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ፣ ዕጣን ሳይጨስ ማን ይጠራል? ሰው እውነተኛ ሕይወት ማየት ይፈልጋል እላለሁ፣ ትክክልም ነው፣ ግን አረንጓዴ ጥለት ለብሰው ቀጥ ብለው የተቀመጡት እቴቴስ እውነተኛ አይደሉም? ያቺን ፎቶ ለጥፌያት ነበር። ጥቂት ሰው ነው ያያት። ይህን ሳስብ... እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አልገባኝም።

ደግሞ ገንዘቡ የእሳቸውም ነው። የዘንድሮ ክረምት እንጨትና ጤፍ የተገዛው በምን ሆነና? በሐምራዊ ጣቶቻቸው ፎቶ ነው። እሱን ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ እጅ ብቻ ከሆነ ግድ የለም ብለው። ታዲያ እጃቸው ይታይ፣ ፊታቸው ይቅር? እሱም አይዋጥልኝም።

አሁን አንዲት ደንበኛ መሶቡ ሲሠራ ከመጀመሪያው እስከ ክዳኑ በቪዲዮ እየተቀረጸ ይላክልኝ ብላለች፤ ለልጇ ሠርግ ነው፣ ቀብድም ልካለች። አልመለስኩላትም። ቀለሙ ሲፈላ ብቻ ልቅረጽላት ብዬ ነበር፣ እሱም ለካ የእቴቴ ጓዳ ውስጥ ነው። ወይ እቴቴን ራሳቸውን ከሴትዮዋ ጋር በስልክ ላገናኛቸው... እነሱ ይነጋገሩ? አላውቅም፤ ቆይ እስቲ፣ እየተጠራሁ ነው መሰለኝ። አቤት እቴቴ!