ልጅ «አልስማማም» ሲል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶችና አባቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ርእስ «ልጆቻችን በማይስማሙበት ነገር እንኳ ታላቅን እንዲያከብሩ እንዴት እናስተምራቸው?» የሚል ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። እኛ ወላጆች አክብሮትንና ዝምታን አደባልቀናል። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ አክባሪ አይደለም። የጠየቀ ልጅ ሁሉም ባለጌ አይደለም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ነው ያደግነው። ይህ ተረት ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ ሐሳቡን ግን አያስቀይረውም። በፊታችን «እሺ» ይላል፤ ዞር ሲል ያማናል። ደግሞ እኮ የሚያኮራ ባህል አለን። ድሮ የተበደለ ደካማ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛው ባለበት ይቆም ነበር። ያ ተቃውሞ ነው፤ ግን ሕግን ያከበረ ተቃውሞ ነው።

ከደጃችን አንድ ምሳሌ ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጀልባ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ደሴት ገዳም፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ሄዳችኋል። ከባሕር ዳር ቅርብ ነው። ሴት ግን ገዳሙ ውስጥ አትገባም፤ ሥርዓቱ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ታች ጀልባው ዘንድ ትቀራለች። ታናሽ ወንድሟ የአባቱን እጅ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። «እማዬ፣ እሱ ሲገባ እኔ ለምን አልገባም? እኔም እኮ እቆርባለሁ» ትላለች።

ብዙዎቻችን «ዝም በይ፣ ኃጢአት ነው!» እንላለን። ኃጢአት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። እናቷ እንዲህ ብትላትስ? «ጥሩ ጠየቅሽ የኔ ልጅ። መነኮሳቱ ዓለምን ትተው የመነኑ ናቸው። ይህን ሥርዓት ለኑሯቸው ሠርተው ከጥንት ጀምሮ ጠብቀውታል። ቤቱ የእነሱ ስለሆነ እናከብርላቸዋለን። ካልተዋጠልሽ አባ ሲወርዱ መስቀል ተሳልመሽ ጠይቂያቸው።» የአባ መልስም ላይዋጥላት ይችላል። ይሁን። ድንበሩን አላለፈችም፤ ጥያቄዋንም አፍና አልቀረችም። ሌላ ቀን ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄድ ደግሞ ትገባለች፤ ሥዕሎቹንም እንደ ልቧ ታያለች።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያሉ ልጆችን ያሳየናል። ዳንኤል ወደ ባቢሎን ሲማረክ ገና ብላቴና ነበር። በንጉሡ መብል መርከስ አልፈለገም። ማዕዱን አልገለበጠም፤ አለቃውንም አልሰደበም። ለመነ። አለቃው «ንጉሡ ፊታችሁ ከስቶ ቢያይ በራሴ ታስፈርዱብኛላችሁ» ብሎ ፈራ። ዳንኤል ፍርሃቱን ሰማ። ከዚያ ለጠባቂያቸው «አሥር ቀን ፈትነን፤ ጥራጥሬና ውኃ ይስጡን፤ ከዚያ ፊታችንን እይ» አለው። ልጆቻችንን ይህን ብናለማምድ እንዴት ባማረ! የታላቁን ጭንቀት መስማት፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ማቅረብ። ሠለስቱ ደቂቅም ንጉሡ ላቆመው ምስል አንሰግድም ሲሉ እሳቱ እየነደደ ነበር። ያኔም «ንጉሥ ሆይ» ማለታቸውን አልተዉም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጁ «ቲቸር ትክክሉን ኤክስ አደረገችብኝ» ብሎ የፈተና ወረቀቱን ይዞ መጣ እንበል። አባት ስልኩን ያነሳና «ማን ስለሆነች ነው!» ብሎ ይጮኻል። ልጁ እየሰማ ነው። በነጋታው ክፍል ሲገባ ያቺን መምህርት የሚያይበት ዓይን ተለውጧል። ትራፊክ ፖሊስ ላይ፣ ቀበሌ ላይ፣ ሰባኪው ላይ አፋችንን ስንከፍትም እንዲሁ ነው። ከእኛ ሰምቶ ነው ነገ እኛን ራሳችንን በዚያው ቋንቋ የሚናገረን።

ይልቅ አጠገቡ ቁጭ በሉና ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ልክ ከሆነ አነጋገሩን አለማምዱት። «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ይህችን ጥያቄ እንደገና ያዩልኛል?» በእረፍት ሰዓት፣ ሌላ ልጅ ሳይሰማ፣ ድምፁን ሳያነሳ። እምቢ ብትለው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ተራው የእናንተ ነው፤ እናንተም በዚያው ጨዋነት ሂዱ። ሐዋርያው ልጆችን «ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» ካለ በኋላ አባቶችን «አታስቈጡአቸው» ማለቱን አንርሳ። ሁለተኛዋን ብዙ ጊዜ እንዘላታለን።

አንድ ነገር ሳልናገር አልቀመጥም። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ተብሏል። ማንም ታላቅ ሰው ልጁን «ዋሽ» ወይም «ስረቅ» ቢለው፣ የማይነካውን ገላውን ቢነካው፣ «ለእናትህ እንዳትናገር» ቢለው፣ እዚያ ላይ መታዘዝ የለም። ዘመድም ይሁን፣ መምህርም ይሁን፣ ጥምጥም ያሰረም ይሁን። ይጩኽ፤ ይሩጥ፤ መጥቶ ይንገረን። ይህን በግልጽ ንገሯቸው። ልጁ ሲነግራችሁም መጀመሪያ እመኑት። «እሳቸውማ እንዲህ አያደርጉም» አትበሉት። ይህን የሚያህል ነገር አምኖ የሚነግረን፣ ትንንሾቹን ጥያቄዎቹን ስንሰማለት ከኖርን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።