ውኃው ቀርቧል፣ ሰውየውስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ የሬዲዮ እንግዳ ነበርኩ። ርዕሱ ውጭ አገር ያሉ አገልጋዮች የአገሩን ሰው አስተምረው ለጥምቀት እንዴት ያበቁታል የሚል ነው። ጀርመን ዘጠኝ ዓመት በቅስና ስላገለገልኩ ነው የተጠራሁት። ስልኩ እንደዚያ ይጨናነቃል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ሰዓቱ አልበቃንም፣ ግማሹን መልስ ውጬ ወጣሁ። በአየር ላይ ያልኩትንም ያላልኩትንም እዚህ ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ደዋይ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ሐረጎን እየወረደ ነው። «ቀሲስ፣ ወንድሜ ጀርመን ዲያቆን ነው። አንድ ጀርመናዊ ማስተማር ከጀመረ ሦስት ወሩ። ሰውየው መቼ ነው የምጠመቀው እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ሕጉ ስንት ወር...» አለና ኔትወርኩ ጭጭ። ሐረጎ እንደዚሁ ነው፣ የጀመርከውን ወሬ ኮምቦልቻ ወርደህ ነው የምትጨርሰው። እሱም ኮምቦልቻ ወርዶ መልሶ ደወለ። «እህስ ቀሲስ፣ ስንት ወር ነው?»

ቁርጥ ያለ ወር ልሰጥህ አልችልም ወንድሜ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የእኛው ጃንደረባ በአንድ የሠረገላ መንገድ ተምሮ ተጠምቋል። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ነው ያለው፣ ፊልጶስም አልከለከለውም። ይህን የሚጠቅስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳት ነገር አለች። ጃንደረባው ባዶውን አልነበረም። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ፣ የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነው ፊልጶስ የደረሰበት። በሌላ በኩል ደግሞ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለመጠመቅ የሚማር ሰው፣ ሦስት ዓመት ይማር ነበር፣ ተማሪው ትጉህ ከሆነ ግን ጊዜው ሳይሆን ምግባሩ ይታያል ይላል ያው ሥርዓት። እንግዲህ በአንድ ቀንና በሦስት ዓመት መካከል ምረጥ!

እኔ ካስተማርኳቸው አንዱ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነበር፣ የ62 ዓመት ሰው። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብናል። አምስቱን አእማደ ምስጢር በአምስት ወር ጨርሷል፣ ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ ትንሣኤ ሙታንን። ጭንቅላቱ ከእኔ ይሻላል ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ፈረንጅ ሥላሴ ላይ ይጨነቃል ብሎ ያስባል፣ እሱን ያስጨነቀው «አባታችን ሆይ» ነው። ጸሎቱን በላቲን ፊደል፣ በአማርኛው ድምፅ፣ ያረጀ የትራም ሰዓት ሠንጠረዥ ጀርባ ላይ ገልብጦት ነበር። በጣቱ እየተከተለ ያነባል። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ይቺን አልልም» አለኝ። ለካ በእናታቸው ቤት ውርስ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ 17 ዓመት ሆኖታል። እኔም በል አላልኩትም። ወራት ሙሉ ያቺን መስመር እየዘለለ ጸለየ። አንድ እሁድ መጣና «ደወልኩለት» አለ። ምን አለህ ስለው «ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው» አለኝ፣ ግን ፊቱ ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መስመሯን ሳይዘል ጨረሰ። የጥምቀቱን ቀን የቆረጥነው ያኔ ነው።

ስለዚህ ወንድምህን ወር መቁጠሩን ትተህ ሰውየው የሚዘላት መስመር የትኛዋ ናት ብለህ ጠይቅልኝ። እስካሁን ካላወቃት ገና አልተዋወቁም ማለት ነው።

ደሴ ቧንቧ ውኃ ከሚባለው ሰፈር አንዲት እናት ደወሉ። ልጃቸው ስዊድን ናት፣ ፈረንጅ ልታገባ ነው። «ሰርጉ በተክሊል ይሁን ብላ እሱም ልጠመቅ አለ። አዳራሹ ተከፍሎበታል ቀሲስ፣ የቀረው ሰባት ሳምንት ነው። የሚያስተምሩት መነኩሴ ግን እያመነቱ ነው፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ።»

እናቴ፣ እኔም ብሆን አመነታ ነበር። ይህ ነገር ውጭ አገር በጣም የተለመደ ነው፣ ሳንደባበቅ እንነጋገር። ለተክሊል ሁለቱም ተጠምቀው የሚቆርቡ መሆን አለባቸው፣ እና ጥምቀቱ የሰርግ ቲኬት ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣልኝ እጮኛው በሌለችበት ቡና እጋብዘውና «እሷ ነገ ብትተውህ ትጠመቃለህ?» እለዋለሁ። ተቆጥቶ የሄደ አለ። አንዱ ደግሞ ከት ብሎ ስቆ «በፍጹም!» አለኝ። አመሰግናለሁ፣ በሰላም ግባ ብዬ ሸኘሁት። የልጅቱ ቤተሰቦች ግማሽ ዓመት ሰላምታ ነሱኝ። በኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ ተጠምቆ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የወሎ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ የሃይማኖት ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ አዘዙ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ደሴን ያሳደጓት ንጉሥ ሚካኤል ማለት እሳቸው ናቸው። ሕዝቡስ? የሸሸው ሸሸ፣ የእስልምና መምህሩን ሼህ ጠልሐን ተከትሎ ያመፀውም አመፀ፣ የቀረው ደግሞ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። የንጉሥ አዋጅና የሰርግ ቀጠሮ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም እናቴ። ግን ሁለቱም ሰውየውን ሳይጠይቁ ውኃውን ያቀርባሉ። መነኩሴውን አይጫኗቸው። አዳራሹን አራዝሙት፣ ቀብድ ቢበላም ይበላ።

ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ልጅ፦ «አብሮኝ የሚሠራ የውጭ አገር ቴክኒሺያን ስለ ሃይማኖታችን ይጠይቀኛል። እኔ ዲያቆን አይደለሁም፣ በስልክ ትርጉም ነው የምንግባባው። ላስተምረው?»

የጠየቀህን የምታውቀውን ያህል መልስለት፣ የማታውቀውን አላውቅም በል። ቅዳሴ ላስቀድስ ካለ ይዘኸው ሂድ፣ ነጠላ አበድረው፣ አጠገቡ ቁም። ለትምህርቱ ግን ካህን ዘንድ ውሰደው። የስልኩን ትርጉም ደግሞ እባክህ ለእንጀራና ለወጥ ተጠቀምበት። አንድ ተማሪዬ «ባሕርይ» የሚለውን ቃል በስልኩ ቢያስተረጉም ስልኩ «ጠባይ» ብሎ ሰጠው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ተዋሕዶ፣ የጌታ መለኮትና ሥጋ አንድ ባሕርይ ስለ መሆኑ፣ ስነግረው ለካ እሱ የሚሰማው ጌታ ጠባዩ አንድ ዓይነት ነው፣ አይለዋወጥም የሚል ነው። «ጥሩ ነገር ነው፣ ሚስቴም እንደዚያ ብትሆን» አለኝ።

ከሰኞ ገበያ ሰፈር የደወለችው እህት ጥያቄ ከበድ ይላል። አባታቸው ሙስሊም ናቸው፣ እናታቸው ክርስቲያን። ጣሊያን ያለው ወንድሟ ክርስትና ሊነሳ እየተማረ ነው። አስተማሪው «እስክትጠመቅ ለቤተሰብ ትንፍሽ እንዳትል» ብሎታል። «አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል፣ እኔስ አውቄ ዝም ማለቴ?» ትላለች።

በአስተማሪው ምክር አልስማማም። ወንድምሽ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ የሚፈራ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ ጊዜውን ራሱ ይምረጥ። አንቺ እንደነገርሽኝ ግን አባትሽ ሚስታቸው ስትጾም አብረው የጾም ሽሮ የሚበሉ ሰው ናቸው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አንዱ የክርስቲያን አንዱ የሙስሊም፣ ማንም አይደነግጥም። እኒህ አባት ከልጃቸው አፍ መስማት ይገባቸዋል። በስልክ፣ በረጋ ሰዓት፣ ከእሱ ከራሱ። ፌስቡክ ላይ ነጭ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ የጎረቤት ልጅ እንዳያሳያቸው። አንቺ ግን በእሱ ቦታ አትንገሪ፣ ንገር በይው። ቢያለቅሱ፣ ቢቆጡ፣ በዚያ ሳምንት አይጠመቅ። አስተማሪውም የአባቱን ሃይማኖት እየነቀፈ የሚያስተምር ከሆነ አስተማሪ ይቀይር፣ በስድብ የተማረ ሰው ሲሳደብ ነው የሚኖረው።

ፒያሳ ላይ ያለ ወጣት ደግሞ «ቦብ ማርሌ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?» አለ። እውነት ነው። በ1973 ዓ.ም. ከማረፉ ወራት በፊት ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፣ ያጠመቁትም አቡነ ይስሐቅ ናቸው። እሳቸው ገና አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ሳሉ በ1962 ዓ.ም. ነው ጃማይካ የተላኩት። ሥራቸው ቀላል እንዳይመስልህ። ከራስታዎቹ መካከል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም አጥምቁን ያሉ ነበሩ፣ እሳቸው ግን ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው አሉ። ብዙ ሰው ለማግኘት ሲሉ እሺ ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር?

አጫጭሮቹን ልጨርስ። ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመን ወይም ከሕንድ ኦርቶዶክስ የመጣ ሰው አይጠመቅም፣ ጥምቀታችን አንድ ነው፣ አይደገምም። ወንድ ወንዱን፣ ሴት ሴቷን ክርስትና ታነሳለች፣ ሰው ስለጠፋ ብሎ ማቀያየር የለም። ትልቅ ሰው ሲጠመቅ የክርስትና አባት ለምን ያስፈልገዋል ላላችሁ፣ ሕፃን ቢሆን ሰይጣንን እክዳለሁ የሚልለት እሱ ነበር። ትልቁ ሰው ወደ ምዕራብ ዞሮ ራሱ ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ራሱ ያምናል። የክርስትና አባቱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። በጾም ደውሎ «ምን በላህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

በብርድ አገር በምን ታጠምቃላችሁ ላሉት አባት፣ በተገኘው ነው። የትራም ሹፌሩን ያጠመቅነው በኪራይ አዳራሽ፣ በአየር በሚነፋ የልጆች መዋኛ ገንዳ ነው፣ ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ዓሣ የተሳለበት። እናቶች ሌሊቱን በአራት የሻይ ማፍያ ውኃ ሲያሞቁ አደሩ። ሦስተኛውን ጊዜ ከውኃው ሲወጣ ገንዳው በአንድ በኩል ተንፍሶ ውኃው እግራችን ሥር ሮጠ። ሜሮኑን የቀባሁት ካልሲዬ ርሶ ነው።

ልንዘጋ ስንል ከሸዋ በር አንዲት አዛውንት ገቡ። ጥያቄ የለኝም አሉ። «የዚያን የጀርመኑን ልጅ ክርስትና ስም ይንገሩኝ፣ ለገብርኤል ዝክሬ ላይ አስጠራዋለሁ።» ልጅ ያሉት የ62 ዓመቱን ሰውዬ ነው። በአየር ላይ ስሙን መናገር ስላልፈለግኩ ከስቱዲዮ ወጥቼ ደወልኩላቸው። ደግመው ደጋግመው አጠኑት። «ወንድሙስ? ስልኩን የዘጋው? የእሱንስ ማን ይሉታል?» አሉኝ።

እሱን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ለሹፌሩ የዚያኑ ቀን ማታ ጻፍኩለት።