ሁለቱም ወረቀት ከአንድ ክፍል ይወጣል
(ድሬዳዋ ላይ ለክረምት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መምህራን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አስተባባሪዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አቦ፣ ሐምሌ ገባ ብላ ድሬ ሙቀቷን አትቀንስልንም። የዛሬው ፕሮግራም የታተመበት ወረቀት ከወዲሁ ማራገቢያ ሆኗል፤ ስለዚህ አላስረዝምም።

እንድናገር የተጠየቅሁት ማስተርስ እየተማርኩ የሙያ ፈቃዴን እንዴት እንዳወጣሁ ነው። ጠዋት በር ላይ ሦስት ሰዎች «መጀመሪያ አንዱን ልገላገል» ብለውኛል። እኔም እንደዚያው ስል ነበር። «ማስተርሱ ካለ ፈቃዱ የት ይሄዳል» የሚልም አይጠፋም። ይሄዳል! ዲግሪው ስለ መማራችሁ ይመሰክራል። ፈቃዱ የሚጠይቀው ስለ ማስተማራችሁ ነው፤ የጽሑፍ ፈተና አለው፣ ማህደረ ተግባር (የክፍል ሥራችሁን የሚያሳይ የማስረጃ ስብስብ) አለው። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከትምህርት ዘርፍ ውጭ የሆነና ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የማስተማር ዲፕሎማ) ያልወሰዳችሁም የእሱን ጉዳይ ቀድማችሁ አጣሩ። ማስተርሱ ያንን ክፍተት ይሸፍንልኛል ብላችሁ አትቀመጡ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጥር 2015 ላይ የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ሻይ የሚጠጣ ሰው ሁሉ «መምህሩ ምን ሲሠራ ነበር?» ይል ጀመር። ተናደድኩ። ስንቱ ጣጣ በእኛ ይላከካል ብዬ ተሟገትኩ። ማታ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም።

በማግስቱ 9ኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛንና አንድ አራተኛን በቁጥር ጻፍኩና የቱ ይበልጣል አልኩ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተማሪ አንድ አራተኛ አለ። ለምን? «አራት ከሦስት ይበልጣላ!»

ከተሳሳቱት አንዷ እናቷ ከፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ ናት። እረፍት ላይ ጠጋ ብዬ «ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ ብትመዝኚ የቱ ይከብዳል?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ቲቸር፣ ሩብ እኮ የግማሽ ግማሽ ነው!» ደብተሯ ላይ 1/2 እና 1/4 ጻፍኩላት። ዝም አለች። አራቱን በጣቷ ሸፈነችው፣ ገለጠችው፣ እንደገና ሸፈነችው። «ይሄ ነው እንዴ ሩብ?» አለችኝ።

ይህች ልጅ ቤት በአፋን ኦሮሞ ታወራለች፣ ገበያ በአማርኛና በሶማልኛ ትሸጣለች፣ 9ኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ መጣባት። ሩቡን ታውቀዋለች፤ ወረቀት ላይ ያለው ያ ሩብ መሆኑን የነገራት ግን አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ እዚያ ደብተር ላይ ተገኘ። ከዚያ በፊት ለአማካሪዬ ያቀረብኩት ርዕስ ሁለት መስመር የሚፈጅ ነበር፤ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት በሙሉ ልመረምር! አንብቦ ሲያበቃ «የምታስተምረው ስንት ክፍል ነው?» ብቻ አለኝ። ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የማስተርሱና የፈቃዱ ሥራ ተጋገዘ። ክፍልፋይን በሚዛን ያስተማርኩበት የትምህርት ዕቅድ፣ ተማሪዎቹ ከመማራቸው በፊትና በኋላ የሠሩት ወረቀት፣ ባልደረባዬ ኋላ ተቀምጦ የጻፈልኝ አስተያየት ማህደረ ተግባሬ ውስጥ ገቡ። በዓመት የሚጠበቅብን 60 ሰዓት ተሙማም (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ)፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ብዙዎቻችን ሰኔ ላይ ቁጭ ብለን የምንሞላው ቅጽ ነበር። ያን ዓመት ግን የምጽፈው ነገር ነበረኝ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ የመመረቂያ ጽሑፉን ገልብጦ ማህደር ማድረግ አይሆንም። ገምጋሚው የሚፈልገው ክፍል ውስጥ ያደረጋችሁትን እንጂ ያነበባችሁትን ዝርዝር አይደለም።

አሁን ወደ ሚያመኝ ነገር። ማህደሬን ዋናውን አስገባሁ፣ ኮፒ አላስቀረሁም። አንድ ቢሮ ውስጥ ጠፋ። ስጠይቅ «እዚህ አልደረሰም» ተባልኩ፤ የተቀበለኝ ሰው ተዛውሯል፣ መዝገብ ላይ አልፈረመልኝም። አራት ወር ከዜሮ ሰበሰብኩ። ደግነቱ ተማሪዎቼ ወረቀታቸውን አልጣሉም ነበር፤ ያቺ የከፊራ ልጅ እንዲያውም ከእናቷ የሒሳብ ደብተር ውስጥ አውጥታ አመጣችልኝ። የቲማቲም ጭማቂ ጠብታ አለበት፣ እንደዚያው አስገባሁት። ስለዚህ ኮፒ አንሱ፣ ስታስገቡም አስፈርሙ።

ሁለተኛውን ማህደር ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ነው። በሻይ ሰዓት ማየት የምትፈልጉ ኑ፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትምጡ፤ ክፍላችሁ ውስጥ ልጆቹ ደጋግመው የሚሳሳቱትን አንድ ነገር ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ከእሱ እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።