የባዮቴክ ኩባንያ ጠበቃ ችሎት ሳይገባ የሚሠራው ሥራ

[ስክሪን ላይ፦ ላቦራቶሪ፤ ቀጥሎ ወረቀት የተከመረበት ጠረጴዛ]

ተራኪ፦ የባዮቴክ ጠበቃ ሲባል ቶሎ የሚታየን ችሎት ላይ የሚሟገት ሰው ነው። እሱም አለ። ብዙው ሥራ የሚያልቀው ግን ገና ማንም ሳይካሰስ ነው። ያኔ የተበላሸውን በኋላ ማቃናት ከባድ ነው።

ከቀን እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ ቆርጦና ገጣጥሞ ባክቴሪያ ውስጥ ማባዛት እንደሚቻል በኖቬምበር 1973 አሳተሙ። የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ነገር የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከታተመ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ ማመልከቻው ኖቬምበር 1974 ላይ ለጥቂት ደረሰ። አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ ፋታ ስለማይሰጥ የዚያው መብት ጽሑፉ ሲወጣ አብሮ ቀረ። የአሜሪካው ፓተንት ብቻውን ሁለቱ ለሚሠሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያመለጠውን እናንተው ገምቱት። ተመራማሪው ኮንፈረንስ ላይ ውጤቱን ሊያቀርብ ሲነሳ ጠበቃው «ቆይ፣ መጀመሪያ ማመልከቻው ይግባ» የሚለው ወዶ አይደለም።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ውሎች ጎን ለጎን]

ቀጣዩ ጥያቄ «ባለቤቱ ማነው?» ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ሲቀጠር ለዩኒቨርሲቲው «የፈጠራ መብቴን ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈርሟል። ከዚያ ፒሲአር የተባለውን ዲኤንኤ የማባዛት ቴክኒክ ሊማር ሴተስ ወደሚባል ኩባንያ ሄደ። እዚያም አንድ ውል አስፈረሙት። ይኼኛው «በዚህ ውል አስተላልፌአለሁ» ይላል። አንዱ የወደፊት ቃል ነው፤ ሌላው እዚያው ያለቀ ርክክብ።

ተመራማሪው ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር ደም ውስጥ ያለውን የኤችአይቪ መጠን የሚለካ ዘዴ ሠራ። ስታንፎርድ ፓተንት አወጣ። ሮሽ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ደግሞ የሴተስን የፒሲአር ሥራ ገዛ፤ ስታንፎርድም ሮሽን ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሚዛን የደፋው የሴተስ ውል ነው አለ። ስታንፎርድ «ምርምሩ በመንግሥት ገንዘብ ስለተሠራ መብቱ በሕግ የእኛ ነው» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. 7 ለ 2 ተረታ። የዚህ ሁሉ መነሻ ሰው ለእንግድነት የሚፈርመው ዓይነት ወረቀት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የአንቲቦዲ ሥዕል]

የፓተንቱ ወሰን ሌላ ጣጣ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ደንበኛም ጠበቃም ሰፋ አድርጎ ማጠር ይወዳል። አምጄን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኮሌስትሮል በሚቀንሱ አንቲቦዲዎች (አንድን ዒላማ ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች) ላይ እንዲሁ አደረገ። ፓተንቱ ዘርዝሮ ያሳየው 26 አንቲቦዲ ነው፤ የጠየቀው ግን ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ሁሉ። በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ «የምትጠይቀውን ያህል ማሳየት አለብህ» የሚል ፍሬ ነገር ያለው ውሳኔ ሰጠ። ተፎካካሪው ሳኖፊ ረታ። በጣም ካጠበቡት ደግሞ ተፎካካሪ አንዲት ነገር ቀይሮ አጠገብዎ ሱቅ ይከፍታል። ልኩን ማግኘት ነው የጠበቃው ሙያ፤ ለዚህም ነው ብዙዎቹ የባዮቴክ ፓተንት ጠበቆች ሕግ ብቻ ሳይሆን ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የተማሩት።

ባለሀብት ገንዘብ ከማስገባቱ በፊት የእሱ ጠበቃ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል፦ የቅጥር ውሎችን፣ የዩኒቨርሲቲ ስምምነቶችን፣ የማመልከቻ ቀኖችን። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምራል፦ ምርቱ የሌላ ሰው ፓተንት ይነካል ወይ? ብዙ መሥራች እዚህ ጋ ይደናገጣል። ፓተንት ሌላውን ለመከልከል እንጂ እርስዎ ራስዎ ለመሸጥ ፈቃድ አይደለም። መድኃኒትዎ የራሱ ፓተንት ኖሮት፣ የሚመረትበት ዘዴ ግን የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ያኔ ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) መደራደር ነው፤ እሱም ፋብሪካው ሳይሠራ ቢሆን ይሻላል።