ጨርቅ የማይችለውን ቅጥራን ይችላል፦ የቴሌስኮፕ መስታወት አወላወል

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! መሞረዱ አልቋል። የቴሌስኮፕ መስታወት የሚሆነን ባለ 15 ሴንቲሜትሩ ብርጭቆ መሀሉ ላይ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ጎድጉዷል። ፊቱ ግን አሁንም ጉም የለበሰ ነው። ዛሬ እንወለውለዋለን። በምን? በቅጥራን! አዎ፣ በዚያ ጥቁር፣ እጅ ላይ በሚጣበቀው ቅጥራን።

«ለምን በጨርቅ አይወለወልም? ጨርቅ እኮ ለስላሳ ነው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ችግሩ ለስላሳነቱ ነው! ጨርቅ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ይዳብሳል። ብርጭቆው ያብለጨልጫል፣ ቅርጹ ግን እንደተንሻፈፈ ይቀራል። የእኛ መስታወት ከትክክለኛው ቅርጽ ከ70 ናኖሜትር በላይ ማፈንገጥ የለበትም። የአንድ ጸጉር ውፍረት ሺህ ቦታ ሲከፈል ማለት ነው። ጨርቅ ይህን አይችልም። አይችልም!

ቅጥራንስ? አዲስ የቆዳ ጫማ አስቡ። ድንጋይ ብትመቱበት ፍንክች አይልም። ሲውል ሲያድር ግን እግራችሁን ይለምዳል። የአውራ ጣታችሁን ጉብታ ሳይቀር ይይዛል። ለወንድማችሁ ብታውሱት ቅርጹ ይበላሻል። ክረምቱን ሙሉ ጥግ ብትጥሉት ደግሞ ተጣሞ ይጠብቃችኋል።

ቅጥራንም እንደዚያው ነው። በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፣ ቀስ ብለው ሲጫኑት ይፈሳል። ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አውስትራሊያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረ ሙከራ አለ። ከብርጭቆ ዕቃ እንዲንጠባጠብ የተተወው ቅጥራን እስከ 2014 ድረስ 9 ጊዜ ብቻ ነው ጠብ ያለው! እጃችሁ ሲመላለስ እንግዲህ ቅጥራኑ ጠንካራ ነው፣ ጉብታውን ይበላል። በዝግታ ደግሞ የመስታወቱን ቅርጽ ይይዛል። ኒውተንም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብረት መስታወቱን የወለወለው በቅጥራን ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበለው። ቅጥራኑን ደጅ ላይ፣ በለዘብታ እሳት አቅልጡ። ብርጭቆውን በሞረድንበት ክብ መሞረጃ ላይ አፍስሱ። ለብ ሲል መስታወቱን ሳሙና ቀብታችሁ ተጫኑት። ቦይ እየቀደዳችሁ በአራት ማዕዘን ከፋፍሉት። የአንዱ አራት ማዕዘን እምብርት መሀል ለመሀል እንዳይውል! ከዋለ መስታወቱ ላይ ቀለበት ይወጣል። ከዚያ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለውን የመወልወያ ዱቄት በውሃ፣ መስታወቱን ወደፊት ወደኋላ፣ እያዞራችሁ። ካደረ እንደገና ተጫኑት፣ እንደ ጫማው ነው። አዋሽ ላይ ልክ የነበረ ቅጥራን ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ ይሆንባችኋል፤ ትንሽ ተርፔንታይን ያለሰልሰዋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፎኮ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ያመጣውን፣ የመስታወቱን ቅርጽ የምንመረምርበትን የምላጭ ፍተሻ እንሠራለን። እስከዚያ ግን አደራ፣ ወልውላችሁ እንደጨረሳችሁ አትፈትኑት። ፍትጊያው ብርጭቆውን ያሞቀዋል፣ ሲሞቅ ያብጣል፣ የሌለ ጉብታ ያሳያችኋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ።